በጽዋህ ተራ ላስቲክ ውኃ ይዛ የመጣች እህትህ

የኔ ዓለም አያልነህ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላህ ነው። ግልፍተኛው አንተ፣ አብራጇ እኔ ነበርኩ፤ አሁን የሚያበርደኝ አጣሁ።

ቤታችን ያው ነው። ምርኩዝህም ከበሩ ኋላ እንደቆመች ናት። የባሰባት እህትህ ናት። ያንተን በሽታ፣ ያንን መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ምናልባት ባክቴሪያም ያስነሳው ይሆናል ብለው ተመራማሪዎች እንደሚጠረጥሩ በሬዲዮ ሰማች። በቃ! ወንድሜን በቆሻሻ የጠላ ጋኗ ገደለችው ብላ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ አዳረሰችው።

ወይ ጉድ! አንተ ቡሬ ስታስተምር እግርህ መጎተት ሲጀምር፣ ጠጥቶ ነው የሚንገዳገደው ያለችው እሷው አይደለችም እንዴ?

ያከመህን ሐኪም ሄጄ ጠየቅሁት። ነገሩ ይጠናል፣ ግን ገና አልተረጋገጠም፤ ነርቭህን የጎዳው የገዛ ሰውነትህ መከላከያ ነው፤ በሽታው ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም አለኝ። ነገርኳት። ሬዲዮ ያመነች ሴት ሐኪም አላምንም አለች።

በዚህ ወር የሚካኤል ማኅበር ተራው ያንተ ነበር፤ በስምህ ደገስኩ። ማኅበርተኛው መጣ፣ ቄሱ ባረኩ፣ ጠላው ተቀዳ። ማንም አልነካውም፤ ሁሉም የእህትህን ዓይን ዓይን ያያል። እሷማ ጠላዬን ፈርታ የታሸገ ላስቲክ ውኃዋን ይዛ ነው የመጣች። በገዛ ቤትህ፣ በገዛ ጽዋህ! ደሜ ፈላ።

ዋንጫህን አወጣሁ። ያንን እጅህ ሲንቀጠቀጥ አፍህ ላይ የምይዝልህን፣ ትርፉን ስጨልጠው ምነው ለኔ አታስቀሪም እያልክ የምትቆጣበትን። የሚተላለፍ ቢሆን ከሁሉ ቀድሞ የሚይዘው እኔን አልነበረም? አንቺስ አንዴ ይዘሽለት ታውቂያለሽ? ብዬ በቄሱ ፊት ጮህኩባት። ከዚያ ሞልቼ ጨለጥኩት። ቄሱም የራሳቸውን ዋንጫ አንስተው ተጎነጩ። ሌላውም ተከተለ። እህትህ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ገደል ትግባ። እሷ መጣች ቀረች ጽዋህ አይታጎልም፤ በቁሜ እያለሁ በየዓመቱ በስምህ ይወጣል፣ እኔም በዋንጫህ እጠጣለሁ። ካንተ የተላለፈብኝ ነገር ቢኖር ይህ ቁጣህ ነው፤ ለእሱ ደግሞ መድኃኒት አልፈልግም።

ሚስትህ