ማሊያህን ለምን አሁን ሊሰቅሉት ፈለጉ?

ለውድ ወንድሜ ለታውኖ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? በስልክ ደህና ነኝ ትለኛለህ፤ እኔ ግን አላምንህም። በወጣትነትህም ጥርስህ ወልቆ፣ አፍህን በጓንትህ ሸፍነህ ደህና ነኝ ትለን ነበር። ባለቤትህ ጉንቦርስ ደህና ናት? ልጅህ አኒካስ? እኔ ሳል ይዞኝ ከመሰንበቱ በቀር ደህና ነኝ። ሐይቁ መኪና እስኪሄድበት ድረስ በረዶ ሠርቶ ጠንክሯል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው እሑድ የበረዶ ሆኪ ክለባችን የሃውኪ ሊቀ መንበር ኢስሞ ኬቱነን ኬክ ይዞ ቤቴ መጣ። ኢስሞ ኬክ ይዞ ይቅርና በባዶ እጁም ሰው ቤት የማይሄድ ሰው ነው፤ ኬኩን ገና በበሩ ሳየው ጠረጠርኩ። ቁጭ ካለ በኋላ፣ “ታይሚ፣ በፌብሩዋሪ ክለቡ ስድሳ ዓመት ይሞላዋል። የታውኖን አንድ ቁጥር ማሊያ ለክብሩ የመጫወቻው አዳራሽ ጣሪያ ላይ ልንሰቅለው ነው፤ መጥቶ በዓይኑ እንዲያይ ጻፊለት” አለኝ። “ሠላሳ ዓመት ሙሉ የት ነበራችሁ?” አልኩት። “ይገባዋል” አለ። “የማን ሐሳብ ነው?” ብዬ ስጠይቀው፣ “እሱን ልነግርሽ አልችልም” ብሎ ኬኩን መቁረስ ጀመረ። ሚስቴ ጋገረችው ያለኝም ውሸቱን ነው፤ ከሱቅ የተገዛ ነው።

ጣሪያው ላይ እስካሁን የተሰቀሉት የማን እንደሆኑ ታውቃለህ። አንዱ ከእንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ የተረፈ ሳንቃ ለቃቅሞ፣ ሐይቁ ላይ አጥር አጥሮ ክለቡን የመሠረተው የአርቪ ነው። ሌላው በአንድ ዓይኑ እያየ ከሁሉ የበለጠ ጎል ያገባው የፀጉር አስተካካዩ የኤይኖ ነው። ሦስተኛው፣ ድል እንዳይሸሸን ብሎ ዓመቱን ሙሉ ማሊያውን የማያሳጥበው የኡርፖ ነው። ሳይታጠብ ሰቅለውት ይሆናል ብዬ እስከ ዛሬ ከሥሩ አልቀመጥም።

ታዲያ ከእነዚህ ጎን አንተን? ሜዳው ገና ጣሪያ ሳይኖረው፣ በዚያ በረዶ ዓይን በሚጋርድበት ምሽት፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ ፓኳ፣ ያቺ ጠፍጣፋ ጎማ፣ በበረኛው በአንተ እግሮች መካከል ሾልካ ገብታ ክለቡ ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ሲወርድ፣ ይህ ከተማ ምን እንዳለህ አልረሳሁም። ወደ ስዊድን ለሥራ ስትሻገርማ “ጨዋታውን ሸጦ ሄደ” ብለው ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ እዚህ አድረህ አታውቅም፤ ለእናታችን ቀብር እንኳ መጥተህ በዚያው ቀን ተመለስክ።

እናም መጠርጠሬን ቀጠልኩ። መጀመሪያ ከአባታችን የወረስነውን የሐይቁን ዳር መሬት ፈልገው ነው አልኩ፤ ሄጄ ብጠይቅ የሚፈልጉት መሬት የለም። ቀጥሎ ትኬት አልሸጥ ብሏቸው በአንተ ወሬ ሰው ሊሰበስቡ ነው አልኩ፤ ትኬቱ ግን ያንተ ስም ሳይነሳ አልቋል። ትኬት ሻጯ ልትገላገለኝ ብላ፣ “አታድርቂኝ ታይሚ፣ ነገሩ ሳውና ውስጥ ነው ያለቀው” አለችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ሳውና ውስጥ፣ በእንፋሎቱ መሀል የተባለ ነገር የመታጠቢያውን በር አያልፍም። ባሌ ነፍሱን ይማርና፣ እዚያ የሰማውን ለእኔም ሳይነግረኝ ነው የሞተው። የኢስሞን አፍ ያሰረው አንድ ሰው እዚያ ሙቀት ውስጥ የተናገረው ነገር ነው ማለት ነው።

ያንተ ተከላካይ የነበረውን ሬይኖን አስታወስኩ። ይህ ሰው በየዓመቱ በረዶ በወደቀ ቁጥር ግቢዬን ይጠርጋል፣ የማገዶ እንጨቴን ፈልጦ ይደረድራል። ወይ እኔን ፈልጎ ነው፣ ወይ ጫካዬን እያልኩ ስጠረጥረው ኖሬአለሁ። ኢስሞ ከመጣ ወዲህ ግን ዓይኔን አላይ አለኝ። ቅዳሜ ሳውናዬን አሙቄ፣ ገብተህ ታጠብ፣ ከዚያ እናወራለን አልኩት። አካፋውን እንደያዘ ግቢው መሀል ቆመ።

“አልገባም” አለኝ። “ገብቼ ብነግርሽ ለታውኖ መጻፍ አትችይም፤ ስለዚህ እዚሁ ልንገርሽ። ያቺ ፓክ የእኔን ጫማ ነክታ ነው የገባችው። አቅጣጫዋን ያሳትኩት እኔ ነኝ። ፋብሪካ በገባሁ በሳምንቱ ነበር፣ ባለቤቴም ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ክለቡን አወረድክ ብለው ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ዝም አልኩ። በረዶው ሸፈነኝ፣ ማንም አላየኝም። ለኢስሞ ሳውና ውስጥ ነገርኩት። አሁን ደግሞ በበዓሉ ዕለት በሰው ሁሉ ፊት ልናገር ነው፤ ታውኖ ካልመጣ ግን ለማን ብዬ እናገራለሁ?”

አካፋውን ቀምቼ ልመታው ምንም አልቀረኝም። በጣም ተናደድኩ፤ ከዚያ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። አንተም በደንብ ብትናደድ ደስ ይለኛል።

እሱ ከሄደ በኋላ ግን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ሬይኖ ማንም አላየኝም ይላል። አንተስ ታውኖ? ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ነበርክ። በረኛ ፓኳን ሳያይ ምን ያያል? አይተሃል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሚስት አልነበረህም፣ ልጅ አልነበረህም፤ እሱ ከሚባረር እኔ ልሂድ ብለህ ስድቡን ይዘህለት ሄድክ። እውነት ከሆነ፣ እናታችን “ልጄ ይህን አያደርግም” እያለች ከጎረቤት ተጣልታ ስትሞት፣ ለእሷ እንኳ በጆሮዋ ለምን አልነገርካትም? ይህን በደብዳቤ አትመልስልኝ። መጥተህ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ።

ጉንቦርን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። አኒካን አክስትሽ ናፍቃሻለች በላት፤ ብትመጣ አልጋ አለ። ኢስሞ በጣም ሰላም በይልኝ ብሎሃል። ትኬት ሻጯም እንዲሁ። ሬይኖ ሰላምታ አልላከም፤ እጁን ጨብጬ ነው የምሰጠው፣ ከጨበጠኝ ብሏል።

እህትህ ታይሚ
ሳሃኒኤሚ፣ ጃንዋሪ 1998