የማለዳው ዓረፍተ ነገር

ውድ ረጅሟ፣

ልጆቹ አንቺን «ረጅሟ ቲቸር»፣ እኔን «አጭሯ» ካሉን ጀምሮ በሌላ ስም ጠርቼሽ አላውቅም። ዛሬም አፌ የለመደውን ጻፍኩ፤ «ውድ» የሚለው ግን ከእጄ አልወጣ ብሎ ቆየ።

የጀመርነው ሁለታችን ነን። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ምንጣፉ ላይ እናስቀምጣለን፤ ተረኛው የቤቱን ወሬ ይነግረናል፤ ወሬውን አንድ ዓረፍተ ነገር አድርገን ሰሌዳው ላይ አብረን እንጽፈዋለን። ማርከሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አንዱ የሚያውቃትን ፊደል ይጽፋል፣ ሌላው ይቀጥላል። «አባቴ አዲስ ላጲስ ገዛልኝ» ብለን የጻፍን ቀን፣ የ«ላ» ረጅም እግር በየት በኩል ነው ብለው ሲሟገቱ ሳቅ አፍኖሽ ኮሪደር ወጥተሽ ነበር። ሀ ሁን ደብተር ላይ እየገለበጡ ሲያዛጉ የነበሩ ልጆች፣ በገዛ ወሬያቸው ማንበብ ጀመሩ። «እኛንም እንዲህ አስተምረውን ቢሆን» ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

ኋላ ወላጆች ደብተሩ ባዶ ነው ብለው አቤት አሉ። ዳይሬክተሯ ዘንድ ስንጠራ ደረጃው ላይ እጄን ይዘሽ አብረን ነን አልሽኝ፤ እኔም አምኜ ገባሁ። ሐሳቡ የማን እንደሆነ ጠየቀችን።

«የእሷ ነው» አልሽ። «እኔስ ገና ሲጀመር ይቅርብሽ ብያት ነበር።»

ዞር ብዬ አየሁሽ። ጣትሽ ላይ የደረቀውን የማርከር ቀለም ትፍቂያለሽ። እኔን ወደ መጽሐፍ መጋዘን አዛወሩኝ፤ ክፍሉ ላንቺ ቀረ።

ምክንያትሽን ነግረሽ በጥበቃው በኩል የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ኮንትራትሽ የሚታደስበት ጊዜ እንደነበር፣ ወንድሞችሽም ያንቺን እጅ እንደሚያዩ አውቃለሁ። ፈርተሽ ዝም ብትዪ ኖሮ ምክንያቱን እኔው እፈልግልሽ ነበር። አንቺ ግን ያላልሽውን ብያለሁ አልሽ።

ይህንንም ቢሆን ውጬው ነበር። ትናንት ግን ሥራ ለቅቄ ዕቃዬን ይዤ ስወጣ፣ ያቺ ጥግ ይዛ የምትቀመጠው፣ ድምጿ የማይሰማው ልጅ የግቢው በር ላይ አገኘችኝ። ወሬዋን የምትናገርበት ተራዋ መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ረጅሟን ጠይቂያት አልኳት።

«ጠየቅኳት» አለችኝ። «ተራ የሚባል ነገር የለም አለችኝ።»

እኔን መካድሽ አንድ ነገር ነው። ያቺ ልጅ ግን የሰውን ሁሉ ወሬ ስትጽፍ የከረመችው የራሷን ቀን እየጠበቀች ነው። እዚያው በሩ ጋ ያለው ድንጋይ ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና ወሬዋን ጠየቅኳት። ድመታቸው ወልዳለች። ከቦርሳዬ ወረቀት አውጥቼ «ድ»ን እሷ፣ «መ»ን እኔ እየተቀባበልን ጻፍን፤ መጨረሻው ላይ ስንደርስ እስክሪብቶውን ነጥቃኝ ብቻዋን ጨረሰችው። ከዚያ በጣቷ እየተከተለች ለጥበቃው አነበበችለት፤ ግቢው ሁሉ ሰማት።

ሰኞ ሌላ ትምህርት ቤት እጀምራለሁ። ወዳጅነታችንን መልሺልኝ አልልሽም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ልጅቷ ወረቀቷን ይዛ ክፍል ስትገባ ግን፣ እባክሽ፣ ቁጭ በዪና አስነብቢያት።

ደህና ሁኚ።

አጭሯ