ዳኮታው የማን እንደሆነ አወቅን

መኩዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ፋሲካ ያላንተ መጥቶ አለፈ። ሙት ዓመትህ ሁዳዴ ላይ ስለዋለ ድግሱን ከበዓሉ በኋላ አደረግነው። ኦክላንድ ያለው ወዳጅ ሁሉ መጣ። አብረውህ አውሮፕላን ይጠግኑ የነበሩት የሀንጋር ጓደኞችህም የሥራ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ መጥተው ከበሩ ጀምሮ ያገኙትን ሰው ሁሉ እየጨበጡ ገቡ። ያ ረጅሙ ሰውዬ ዶሮ ወጡን በእንጀራ መጠቅለል አቅቶት በማንኪያ ሲበላ አይቼ፣ ሳለቅስ የዋልኩት ሴት ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ብትኖር አንተም ትስቅ ነበር።

ቤቱ ደህና ነው። ሄለን መንጃ ፈቃድ አውጥታ መኪናህን ወርሳለች፤ ዘይቱን የምትቀይረውም ራሷ ናት። በርክሌ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ይሄ እንዳለ ነው። እኔም እዚያው ሄይዋርድ የመኪና ወንበር ልብስ እሰፋለሁ። ጋራዥህን አልነካሁትም። የሰቀልካቸው ፎቶዎች ሁሉ ግድግዳው ላይ ናቸው፤ በረዶና ረግረግ ላይ ወድቀው የቀሩ አሮጌ አውሮፕላኖች፣ አንዱ ክንፉ ብቻ፣ አንዱ አፍንጫው ብቻ። እንግዳ ገብቶ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲለኝ መልስ ይጠፋኝ ነበር። አሁን አይጠፋኝም። የምጽፍልህም ለዚህ ነው። የእትዬ ዶሮቲ ወንድም አውሮፕላን፣ የዳኮታው ነገር የት እንደደረሰ ሳታውቅ ሄድክ፤ ልንገርህ ብዬ ነው።

ሬይ መጀመሪያ ቤታችን የመጣበትን ቀን ታስታውሳለህ? ክረምቱን ካንተ ጋር ሀንጋር የሚሠራ፣ በጋውን አላስካ ትንሽ አውሮፕላን የሚያበር ሰው ብለህ ነበር ያስተዋወቅከኝ። ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እንዲህ አለን፦ እዚያ ሰሜን ጫፍ ከጦርነቱ ጊዜ ጀምሮ የወደቁ አውሮፕላኖች ባሉበት ቀርተዋል፤ የሚያነሳቸው የለም። አዲስ አውሮፕላን ሲጠፋ ፈላጊዎቹ ከሰማይ ሆነው የአሮጌውን ብረት ብልጭታ ያዩና አገኘን ብለው ይወርዳሉ። ቀኑ በከንቱ ያልፋል፤ በሕይወት ሊገኝ ይችል የነበረው ሰው ሌላ ቦታ በብርድ ያልቃል። ሬይ የሚፈልገው እያንዳንዱ ስብርባሪ የማን እንደሆነ ታውቆ፣ ቢጫ ምልክት ተቀብቶበት ካርታ ላይ እንዲሰፍር ነው። አንተ አንዱን ፎቶ ወደ መስኮቱ ወስደህ ብዙም ሳታይ «ይሄማ ዳኮታ ነው» አልክ። አዲስ አበባ አየር መንገድ ስትሠራ ያደግከው ዳኮታ ሥር አይደል፤ እንዴት ይጥፋህ።

እኔስ ብሆን? የተገናኘነው እዚያው ሀንጋር ነው። አንተ የብረቱ ሰው፣ እኔ የዳኮታውን የጅራት ሸራ የምሰፋ ልጅ። አውሮፕላን በመርፌና በክር ይሰፋል ስላቸው ዛሬም የሚያምነኝ የለም። አንተ ደግሞ ጓንትህን ሆን ብለህ እየቀደድክ «እህት፣ ይቺን ጠቅ ጠቅ አድርጊልኝ» እያልክ ትመጣ ነበር። ስንተኛዋ ጓንት ላይ እንደነቃሁብህ አልነግርህም።

እትዬ ዶሮቲ ጋ የወሰደንም ሬይ ነው። ሳን ሆዜ፣ ያ ደጁ በብርቱካን ዛፍ የተሸፈነው ቤት። ወንድማቸው ቶም በጦርነቱ ጊዜ እዚያ ሰሜን ዳኮታ ሲያበር በክረምት እንደወጣ ቀረ። አርባ ዓመት አለፈው፤ ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። በዚያው ክረምት በዚያው አገር የጠፉት ዳኮታዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የቶም፣ አንዱ የሌላ ሰው። ሬይ ወንዝ ዳር ያገኘው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አልታወቀም። ስሙና ቁጥሩ የተጻፈበትን ሰሌዳ አውሬ አዳኞች ነቅለው ወስደውታል፤ ጅራቱ ደግሞ ጠጠር ውስጥ ተቀብሯል። አንተ እሳቸውን የጠየቅካቸው አንድ ነገር ነው፤ ወንድምዎ ስለ አውሮፕላኑ የነገረዎት ነገር ይኖራል? ብዙ ካሰቡ በኋላ ሳቅ አሉ። መጨረሻ ለእረፍት የመጣ ጊዜ የነዳጅ መኪና የአውሮፕላኑን ጅራት ገጭቶት፣ እንደ ተማሪ ሱሪ ጉልበት ጣፉት እያለ ሲያስቃቸው እንደነበር ትዝ አላቸው። አንተ ፊትህ በራ። እንግዲህ የተጣፈበትን ቦታ መፈለግ ነው፤ ነሐሴ ላይ በረዶው ሲቀልጥ ከሬይ ጋር እሄዳለሁ ብለህ ቃል ሰጠሃቸው።

ወደ ኦክላንድ ስንመለስ መኪና ውስጥ ያልከኝን አልረሳውም። ዓይንህን ከመንገዱ ሳታነሳ «ጽጌ፣ የወንድምሽን የተፈራንም ነገር አልረሳሁትም» አልከኝ። «የሱን ባላገኝልሽ የሌላ ሰው ላግኝ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ የምትውለው ሙያህን ናፍቀህ ይመስለኝ ነበር። ወንድሜን ተፈራን በዚያ በክፉ ጊዜ ከቤት ሲወስዱት እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። የት እንዳደረሱት እስከ ዛሬ የነገረን የለም። እማዬ ሬሳውን ካላየሁ ብላ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ እኛንም አላስቀመጠችንም። ይህንን ሁሉ ይዘህ ነበር ለካ እነዚያን ፎቶዎች የምታገላብጠው። እጅህን ያዝኩህ፤ ቤት እስክንደርስ አልለቀቅሁህም።

ከዚያ ነሐሴን ሳታይ ልብህ ከዳህ።

ሐምሌ ላይ ሬይ ደወለ። አዝኖ፣ ቃላት እየመረጠ፣ ጉዞውን ልተወው ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ አለኝ። «አይ፣ እኔ እሄዳለሁ» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ሄለን ከኩሽና ብቅ ብላ «ማሚ፣ አር ዩ ሲሪየስ? አንቺ እኮ ኤሌቬተር እንኳን ትፈሪያለሽ!» አለች። በድንጋጤ ግማሹ በአማርኛ አመለጣት።

መኩዬ፣ ያቺ አውሮፕላን ከመኪናህ አትበልጥም። ከፌርባንክስ ከተማ ተነስተን ወንዝ ዳር ጠጠር ላይ እስክናርፍ ድረስ ዳዊት ስደግም ነበር፤ ሬይ ዘፈን መስሎት አንዴ «ናይስ ሶንግ» አለኝ። ወርጄ ዙሪያዬን አየሁ። ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ ሰማዩ ዳር የለውም። ትንኙ ግን ሰው ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ወረረን።

ዳኮታው እዚያ ነበር። በፎቶ ስናየው ብረት ብቻ ነበር የሚመስለው፤ ስጠጋው ግን ሰው የተኛ ያህል ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። መጀመሪያ ያገኘነው ከጠጠሩ ብቅ ያለውን፣ ጅራቱ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚታጠፈውን ክፍል ነው። ሸራው በስብሶ አልቋል፤ ዳሩ ላይ ብቻ ከክሩ ጋር ትንሽ ቀርቷል። በጣቴ ዳሰስኩት። ስፌቱ የኛ ስፌት፣ ቋጠሮውም እኛ የምንቋጥረው ቋጠሮ ነው። የሆነች ሴት፣ የሆነ ሀንጋር ውስጥ፣ እንደ እኔ ጎንበስ ብላ ሰፍታዋለች። ስሟን አላውቅም፤ ግን እህቴን ያገኘሁ ያህል ሆድ ባሰኝ።

ብረቱ ላይ የተጣፈ ቦታ የለበትም። ሬይ ባርኔጣውን አውልቆ «ሶሪ ጽጌ፣ የቶም አይደለም» አለ። እኔ ግን ያንተ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር፤ የሚፈታ ነገር ምስክር አይሆንም ትል አልነበር? ይሄኛው ክፍል በብሎን የሚገባና የሚወጣ ነው፤ ሲበላሽ ከሌላ አውሮፕላን ፈትተው ይገጥሙበታል። ከገላው ጋር በሪቬት ምስማር የተያያዘውን፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ክፍል ሳናይ አንሄድም አልኩት። ሬይ ትንሽ አየኝና አካፋውን አነሳ።

ቆፈርን። አካፋው የማይደርስበትን በእጃችን ጫርን። ጠጠሩ ሥር ያለው ውሃ በረዶ ነው፤ ጣቴ የኔ አልመስል አለኝ። በመጨረሻ የጅራቱ ብረት ከነሙሉ አካሉ ወጣ፤ ወንዙ ባመጣው እንጨት ደግፈን ከሥሩ ያለውን ፊት ገለበጥን። ሬይ ከወንዙ ውሃ እየቀዳ ሲያፈስ እኔ በሻሼ ጠረግሁ። የሪቬቱ መስመር አንድ ሳይዛነፍ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ያልተነካ ብረት። የተጣፈ ቦታ የለም። ከዚያ ጭቃው ሲለቅ ቢጫ ቀለም ታየ፤ ሰባት፣ ከጎኑ አንድ፣ ከዚያ ሌላ። ነፋስ ያልደረሰበት ወገን ስለሆነ ቁጥሩ አልጠፋም ነበር። ሬይ የሁለቱንም ቁጥር በቃሉ ያውቃል። ጮክ ብሎ አነበበው። የዚያኛው ሰው ነው። የቶም አይደለም።

ጠጠሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ላንተ፣ ለተፈራ፣ ለእትዬ ዶሮቲ፣ ሁሉም ተደባልቆብኛል። ሲበቃኝ ሬይ ብሩሹን ከነቀለሙ አቀበለኝና ክንፉ ላይ ወጥቼ ቢጫውን ምልክት ትልቅ አድርጌ ቀባሁ። ከእንግዲህ ሌላ ሰው ስንፈልግ እሱን አይተን አንሳሳትም።

ከሁሉ የከበደኝ ወደ ሳን ሆዜ መንዳት ነበር። እትዬ ዶሮቲ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። በስልክ መናገር አልፈለግሁም ነበር፤ ፊቴን ሲያዩ ግን ገባቸው። አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስፌቱን፣ ቁፋሮውን፣ ቁጥሩን። የቶም አይደለም አልኳቸው። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ ቀና ብለው፦

«ታዲያ የማን ነው? የሚጠብቀው ሰው አለው?» አሉኝ።

መኩዬ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እኚህን ሴት እንደ እናቴ ነው የማያቸው። የዚያን አብራሪ ቤተሰብ ፈልገው ያገኙት እሳቸው ናቸው፤ ከተማ ለከተማ እየደወሉ፣ የማያውቁትን ሰው ይቅርታ እያሉ። ልጁ ተገኘች። ካረን ትባላለች። አባቷ ሲጠፋ ገና አልተወለደችም ነበር። አንድ ቅዳሜ ስልካችን ጮኸና አነሳሁት፤ የማላውቃት ሴት በቀጭን ድምፅ «አባቴን ያገኘሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋኝ። «የስ» ብቻ አልኩ። ሁለታችንም ስልኩን ይዘን ተላቀስን።

የጦሩ ሰዎች ሄደው የተገኘውን አጥንት ሰበሰቡላት። በመከር ከቀብሩ በኋላ ሳን ሆዜ ድረስ መጣችና እትዬ ዶሮቲ ቤት አብረን ምሳ በላን። ከአባቷ ዕድሜ አልፋለች፤ ፎቶውን ስታሳየን የሷ ታናሽ ወንድም ነው የሚመስለው። እናቷ እስክትሞት ድረስ የአባቷን ካፖርት ከበር ጀርባ እንደሰቀለች መኖሯን ነገረችን። አሁን እናቷ አጠገብ ቀበረችው። «እንቅልፍ ተኛሁ» አለች፤ «ለካ እስከ ዛሬ ተኝቼ አላውቅም።»

የዚያን ቀን ሄለን ናት ወደ ቤት በመኪና የመለሰችኝ። መንገድ ላይ ስለ አጎቷ ስለ ተፈራ ነገርኳት። ስሙን እንጂ ታሪኩን አታውቅም ነበር። መኪናውን ዳር አቁማ እስክጨርስ ሰማችኝ። «ማሚ፣ ዋይ ዶንት ዊ ዱ ሰምቲንግ ፎር ሂም?» አለች። ምን ልናደርግለት እንችላለን፣ የት እንዳለ እንኳ አይታወቅም ልላት ነበር። ከዚያ አሰብኩት። ተፈራን የሚያገኝልኝ ሬይ የለም፤ ምናልባት መቼም አይመጣም። ግን ለቅሶውን እኔ ራሴ መቀመጥ እችላለሁ።

አዲስ አበባ ደወልኩ። በስልክ ሁሉ አይወራም፤ «እማዬ፣ ለተፈራ ፍትሐት ላስደርግለት ነው» ብቻ አልኳት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ አልኩ። «አለሁ» አለችኝ። «አስደርጊለት ልጄ። እኔም ነገ ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ።» እንዲህ ብላ ስታለቅስ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋት፤ ቅር አላለኝም፣ እፎይ አልኩ። በምንከራየው ቤተ ክርስቲያን ቄሱ ያንተንም የሱንም ስም በአንድ ጸሎት ጠሩ። ወዳጆቻችን ቤታችን መጥተው ፍራሽ ላይ አብረውኝ ተቀመጡ፤ እትዬ ዶሮቲም ከሳን ሆዜ መጥተው በዚያ በታመመ ጉልበታቸው መሬት ካልተቀመጥኩ ብለው አስቸገሩን።

ቶም ገና አልተገኘም። ግን የወንዙ ዳኮታ የሱ አለመሆኑ ሲታወቅ መፈለጊያው ጠበበ። ሬይ ከወንዙ ማዶ ከፍ ካለው ተዳፋት ላይ ብረት ያበራል ይለኛል፤ ፎቶውን ጋራዥ ግድግዳህ ላይ ካንተዎቹ ጎን ሰቅዬዋለሁ። በመጪው ነሐሴ እንሄዳለን። ሄለን አካፋ እይዛለሁ ብላ ከወዲሁ ከትምህርቷ ጋር አስተካክላለች። እትዬ ዶሮቲ ፌርባንክስ ድረስ አብሬያችሁ ካልሄድኩ ብለው የጎማ ቦቲ ገዝተዋል፤ ቤታቸው ውስጥ እያደረጉ ይለማመዱበታል። እውነቴን ነው የምልህ፣ እናገኘዋለን። ልቤ ነግሮኛል።

አንተ ከሄድክ በኋላ ሰዎች እግዚአብሔር ያጽናሽ ሲሉኝ፣ በምን ልጽና እል ነበር። አሁን አንድ ነገር ገባኝ። እማዬ ስንት ዘመን፣ እትዬ ዶሮቲ ስንት ዘመን፣ የሚሄዱበት አጥተው ተቀመጡ። እኔ ግን አንተን መፈለግ የለብኝም። ኮረብታው ላይ፣ ባሕሩ ከሩቅ ከሚታይበት ቦታ ነህ፤ ስምህ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ድንጋዩ ላይ ተጽፏል፤ ሣሩንም ባለፈው እሁድ በእጄ አስተካክዬዋለሁ። እግሬ እስከቻለ ድረስ መንገዱን አልረሳውም፤ እግሬ ሲደክም ደግሞ ለሄለን አሳይቻታለሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ።

ያንተው ጽጌ
ኦክላንድ