ደረቁ ባልዲ

እሑድ

አባባ ዛሬ ሦስት ጊዜ ውጭ ወጡ። ቆጥሬያለሁ። የቀበሌው ጓድ በድምፅ ማጉያ “ተቅማጥና ትውከት ያለበት ወዲያው ያስታውቅ” እያለ ሲዞር እየሰማሁ እንዴት አልቆጥር? ትናንት የይለፍ ወረቀት አውጥተው ከወረታ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ሆዳቸውን ይዘው ነው የገቡት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አስመለሳቸው። “የመንገድ ምሳ ነው፤ ይተወኛል” ይላሉ። ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ሲሸጡ አንድ ቀን ታመምሁ ብለው ሱቅ ያልዘጉ ሰው ናቸው።

በሽታው ስም የለውም። ጎረቤቴ የውጭ ሬዲዮ ሰምቶ፣ ከአገር አገር የሚዞረው ኮሌራ ነው ሲል በጆሮዬ ነገረኝ። ጮክ ብሎ የጠራው አሉባልተኛ ይባላል። እዚህ ደብተር ላይ ግን እጽፈዋለሁ፦ ኮሌራ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ነገር ቢሆኑብኝስ?

ሰኞ

ሆስፒታል ወሰድኋቸው። ግቢው ውስጥ ገመድ ተዘርግቷል፤ ከገመዱ ወዲያ ድንኳን፤ ድንኳኑ ላይ “የሆድ በሽተኞች” የሚል ጽሑፍ። የሆድ በሽታ ስንት ዓይነት ነው! ጨጓራ አለ፣ ጉበት አለ፣ ትል አለ። የአማርኛ አስተማሪ ነኝና ቀይ እስክሪብቶ አውጥቼ ላርመው ዳድቶኝ ነበር።

ነርሷ ሲስተር አስቴር ትባላለች፤ እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ ቀልቷል። “አባት፣ ስንት ጊዜ ውጭ ወጡ?” አለቻቸው። አባባ እኔን አዩና አንገታቸውን ደፉ። ሴት ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ እንዴት ይናገሩ? እኔው መለስሁላት። “ትናንት ሦስት ጊዜ ወጥተዋል። አስመልሷቸዋልም።” ጻፈችው። እሳቸውን አስገቡ፤ እኔን ከገመዱ ውጭ አስቀሩኝ።

ሌላ በሽተኛ የሚያይ የለም። ኦፕራሲዮን ክፍሉ ሳይቀር በዚህ በሽታ ሰዎች ተሞልቷል። አንዲት የመሸንቲ ሴት፣ ጨጓራው ደም የሚያስመልሰው ባሏን “በሽታው ሲያልፍ አምጪው” ተብላ በቃሬዛ አሸክማ ስትመለስ አየሁ። የባልየው እግር ከቃሬዛው ወጥቶ ይወዛወዝ ነበር።

ማክሰኞ

ደስ የሚል ወሬ! ድንኳኑ ውስጥ ያሉት አልጋዎች መሐላቸው ቀዳዳ ነው፤ ከሥራቸው ባልዲ ይቀመጣል። የሌላው ሁሉ ባልዲ ይሞላል፣ ይደፋል፣ ደግሞ ይሞላል። የጽዳት ሠራተኛዋን “የአባቴስ?” አልኋት። “የእሳቸው ደረቅ ነው፤ ዕድለኛ ናቸው” አለችኝ። ሲስተር አስቴርም “እየዳኑ ነው” አለች። አልሐምዱሊላህ!

የላክሁላቸው፦ መስገጃቸው፣ ንጹሕ ሽርጥ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ። ውኃውን ሳይጠጡ መለሱት። ለምን ይሆን?

ጣና ዳር ሄጄ ቁጭ አልሁ። ጀልባዎቹ ከታገዱ ወዲህ ዳሩ ጭር ብሏል። አንድ ሙሉ ዳቦ በላሁ፤ ከቅዳሜ ወዲህ እህል የቀመስሁት ገና አሁን ነው።

ረቡዕ

አላህ ይቅር ይበለኝ።

ድንኳኑን ሊያናፍሱ ጎኑን ሲገልጡት አየኋቸው። ጋቢ እስከ አንገታቸው ተጠቅልለዋል፤ ከጋቢው ሥር ሆዳቸው ከበሮ አክሏል። ተቅማጥ የያዘው ሰው ሆዱ ከጀርባው ይጣበቃል እንጂ መቼ ይነፋል? ከገመዱ ማዶ ሆኜ “አባባ፣ እሑድ ሦስት ጊዜ ውጭ ወጥተው አልነበረም?” ብዬ ጮህሁ።

“ወጣሁ እንጂ ከቅዳሜ ወዲህ መቼ ወጣልኝ፣ ልጄ!” አሉ።

ሰዋስው አስተምራለሁ እኮ! “ወጣ” ሌላ፣ “ወጣለት” ሌላ መሆኑን ለስንት ተማሪ አስረድቻለሁ። አባቴ ሦስት ጊዜ ሄደው፣ ተቀምጠው፣ አምጠው፣ እንዳመጣጣቸው ተመልሰዋል። እኔ መውጣታቸውን ብቻ ቆጠርሁ። ባልዲው የደረቀው ስለዳኑ አይደለም። ከቅዳሜ ጀምሮ ምንም አልወጣላቸውም።

ሲስተር አስቴርን ለመንኋት። “ሐኪሙ አንድ ነው፤ ለዚህ ሁሉ ሰው። ነገ እነግረዋለሁ” አለች። ነገ! ቢሞቱ የገደልኋቸው እኔ ነኝ፤ በገዛ አንደበቴ።

ሐሙስ

ገመዱን አልፌ ገባሁ። ዘበኛው ክንዴን ያዘኝ። ሐኪሙ ቀና ሳይል “ሴትዮ፣ ውጪ” አለኝ። ሐፍረቴን ዋጥሁና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት “አባቴ ከቅዳሜ ጀምሮ ፈስ እንኳ አልወጣቸውም!” አልሁ። ያን ቃል አባቴ እየሰሙኝ ስናገር በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። አባባ ጋቢውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ሐኪሙ ግን እጁን ታጥቦ መጣ። ሆዳቸውን በጣቱ መታ መታ አደረገና “አንጀታቸው ተጠምዝዟል” አለ። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋቸው ነበር፤ ክፍሉ ግን በበሽተኛ ተይዟል። ረዥም የጎማ ቱቦ ከሥር አስገብቶ ሞከረ። አቃተው። እንደገና ሞከረ፤ አቃተው። አባባ እንደሚሞት ሰው ሸሃዳ ሲሉ እሰማለሁ። በሦስተኛው አየሩ ወጣ፤ ድንኳኑ በሙሉ ሰማው። ከጎናቸው የተኛ አንድ የእንፍራንዝ ገበሬ በዚያ ድካሙ “እሰይ!” አለ። ሆዳቸው ዓይኔ እያየ ወረደ። ሳቅሁ፤ ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

ዓርብ

ቤት አመጣኋቸው። ሐኪሙ አልሸሸገኝም። አንጀቱ ተመልሶ ሊጠመዘዝ ይችላል፤ ኦፕራሲዮን መሆን አለባቸው፤ ክፍሉ ግን ድንኳኖቹ እስኪነሡ አይከፈትም። ሌላም አለ፤ እስከ ዛሬ ጧት ከኮሌራ በሽተኞች መሐል ተኝተዋል። “ውኃ የመሰለ ከወጣቸው በሩጫ አምጫቸው” ብሎኛል። እንግዲህ እንቢ ቢላቸው አንጀቱ፣ ቢበዛባቸው ኮሌራው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ከሰላት በኋላ ከሽንት ቤት ሲመለሱ በር ላይ ጠበቅኋቸው። “ወጣልዎ?”

“ሴት ልጅ አባቷን እንዲህ ትጠይቃለች?” ብለው ተቆጡ። ቆየት ብለው፣ ግድግዳውን እያዩ፣ “ወጣልኝ” አሉ።

“ቀጭን ነው ወፍራም?”

“ወፈር ያለ ነው። ተይኝ አሁን!” አሉና ሳቁ። ከመጡ ወዲህ ሲስቁ ሳይ ገና ዛሬ ነው።

ይህን ስጽፍ ጫማቸውን ሲፈልጉ ሰማሁ። ሊወጡ ነው። ሁለተኛ። እስክሪብቶዬን ላስቀምጥና በር ላይ ልቁም።