የኮከብ ቤቴና የሐጂ ሸምሱ ግንብ

ሐሙስ

ግንቡ ተሰንጥቋል። ሁለት ጊዜ ሄጄ አየሁት። ጠዋት ጥርሴን እየቦረሽኩ፣ ከዚያ ደግሞ ከሥራ ስመለስ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ። ጠዋት ክር የሚያክል ነበር። ወደ ማታ ጥፍሬ ገባበት።

ትናንት ሌሊት ዘንቦ ነው። በዚህ ወር እንዲህ አይዘንብም ብዬ ነበር ሥራውን አሁን የጀመርኩት። የቴሌስኮፑ ምሰሶ የሚቆምበት ጉድጓድ ተቆፍሮ አልቋል፤ አሁን ውሃ ሞልቶታል። ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር ደግሞ ሌላ ቦታ ስላጣን ግንቡ ጫፍ ላይ ከምረነዋል። ጓሯችን ጠባብ ነው። ከላይ ቤታችን፣ ከታች ግንቡ፣ ከግንቡ ሥር ደግሞ የሐጂ ሸምሱ ቤት። የካ ዳገቱ ላይ ሁሉም እንዲህ ነው የሚኖረው፤ የአንዱ ጓሮ ከሌላው ጣሪያ በላይ ነው።

ግንበኛው ሙሉጌታ ጋ ደወልኩ። "ሲስተር፣ የድሮ ግንብ አይደል? ስንጥቅ አያጣም። ምንም አይሆንም" አለኝ። ሲስተር የሚለኝ ሆስፒታል ስለምሠራ ነው። ነርስ አይደለሁም፣ ራጅ ነው የማነሳው።

ምንም አይሆንም። እኔም ይህንኑ ለስንት በሽተኛ ብያለሁ።

ዓርብ

ዛሬ አልዘነበም። ተመስገን።

ምሳ ሰዓት ላይ ሾላ ወርጄ የጣሪያውን ጎማዎች አገኘሁ። ባለ ኩሽኔታ፣ በሀዲድ ላይ የሚሄዱ፣ የትልልቅ የግቢ በር ጎማዎች ናቸው። ሻጩ "በሩ ምን ያህል ይከብዳል?" ሲለኝ "በር አይደለም፣ ጣሪያ ነው" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና አስሮ ሰጠኝ።

ለሰው ማስረዳት ደክሞኛል። ነገሩ ቀላል ነው። ትንሽ የቆርቆሮ ክፍል፣ ጣሪያዋ እንደ መሳቢያ ወደ ጎን የምትከፈት፣ መሐሏ ላይ የሲሚንቶ ምሰሶ ያላት። ምሰሶው ወለሉን አይነካም። ቢነካ ሰው በተራመደ ቁጥር ቴሌስኮፑ ይንቀጠቀጣል፣ ኮከቡም ይዘላል። ይኸው ነው። ሰፈር ግን ዶሮ ቤት ነው ይላል። አንዷ የጥበቃ ካሜራ ነው ብላ አስወርታለች።

ቴሌስኮፑን የሸጠልኝ ከኛ ጋር ይሠራ የነበረ ዶክተር ነው፣ ሥራ ሲለቅ። ለዓመታት አልጋ ሥር ተኝቶ ኖረ። አምና አንድ ቀን አውጥቼ ጓሮ ላይ ተከልኩትና ሳተርንን አገኘኋት፤ ቀለበቷ ጭምር። ነፋስ ነካው፣ ጠፋች። ድጋሚ ለማግኘት እስኪሰለቸኝ ታገልኩ። ቀኑን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ የሰው አጥንት የማይ ሴት ነኝ፤ አንድ ሩቅ ነገር ማየት ፈለግሁ። ወደ እንጦጦ በኩል ሰማዩ ገና ጨለማ ነው። ወደ መገናኛ በኩል ግን መብራቱ በየዓመቱ ዳገቱን እየወጣ ይመጣል። አሁን ካልሠራሁ መቼ?

ከሆስፒታል ትንሽ ጀሶ ለምኜ አመጣሁ፣ የተሰበረ እጅ የሚታሰርበትን። በጥብጬ ስንጥቁ ላይ እንደ ድልድይ ቀባሁት። ግንቡ ከቆመ ጀሶው ይቆማል። ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል።

ዳዊት በመስኮት ሲያየኝ ቆየና "ግንቡንም ልታክሚው ነው?" ብሎ ሳቀ። ባሌ ሲፈራ ነው የሚቀልደው።

ቅዳሜ

ተሰብሯል።

ለሁለት፣ ቀጥ ብሎ። ዳዊትን ጠርቼ አሳየሁት። አልሳቀም።

ቀኑን ሙሉ አፈሩን ከግንቡ ጫፍ ስናነሳ ዋልን፣ እኔና እሱ፣ በባሬላ። በቤቱ ጎን አዙረን ወደ በር። ካፊያ ጀመረ፣ አፈሩ ጭቃ ሆነ፣ ባሬላው ከበደ። ከሰዓት በኋላ ዳዊት ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። ግማሹን እንኳ አላነሳንም። ጉድጓዱን በባልዲ ጨለፍኩት፤ ውሃው መልሶ ይመጣል፣ ከየት እንደሆነ አላውቅም።

ከሥር የፈቲያ ድምፅ ይሰማል። የሐጂ ልጅ ናት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። ክፍሏ ግንቡን ተደግፎ የተሠራው የኋላው ክፍል ነው። ለፈተና ስታጠና ጮክ ብላ ነው የምታነበው። የልብ ክፍሎችን ስትቆጥር ሰማኋት። አንዷን ሳተች። ከላይ ሆኜ ልነግራት ምንም አልቀረኝም። ያን ያህል ቅርብ ነን።

ራት ላይ "ነገ ወርጄ እነግራቸዋለሁ" አልኩ።

ዳዊት ማንኪያውን አስቀመጠ። "ምን ብለሽ?"

"ግንቡ እየሄደ ነው ብዬ።"

"አፈሩን እያነሳን አይደል እንዴ? ዝናቡም ይቆማል። አሁን ከነገርሻቸው ወረዳ ይመጣል፣ ሥራው ይታገዳል፣ ግንቡን ከመሠረቱ አሠሩ እንባላለን። አንድ ሳምንት ብቻ ታገሺ።"

ክፉ ሰው አይደለም። ያለው ሁሉ ሊሆን ይችላል። ደግሞ እኔም በልቤ አንድ ሳምንት ብቻ እያልኩ ነበር። የሚያስፈራኝ ይኸ የራሴ ሐሳብ ነው።

እሁድ

ነገርኳቸው።

ከቸርች መልስ ልብሴን ሳልቀይር ወረድኩ። ሐጂ ሸምሱ ሾላ ገበያ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አላቸው፤ እሁድ ጠዋት ቤት እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ "ግቢ፣ ቁጭ በይ" አሉኝ። ቆሜ ተናገርኩ። ስንጥቁን፣ አፈሩን፣ ጀሶውን።

ሐጂ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ከዚያ "መቼ ነው ያየሽው?" አሉኝ።

"ሐሙስ።"

"ዛሬ ምንድን ነው?"

"እሁድ።"

"ያ ዕቃ ወደ ቤታችሁ ያያል እያለ ሰው ሲነግረኝ፣ ጎረቤቴ ናት፣ አታደርገውም ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ለዚህ ነው? ልጄ እዚያ ነው የምትተኛው!" ጮኸው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ዘይነባ ተነሥተው ወደ ኋላው ክፍል ገቡና ፍራሽ መጎተት ጀመሩ። ፈቲያ "ፈተናዬ ደርሷል እኮ! ሳሎን ቲቪ እየተከፈተ እንዴት ነው የማጠናው?" ብላ ተናደደች። ፍራሹን ላግዛቸው እጄን ስሰድ እትዬ ዘይነባ "ተይው፣ አንቺ ሂጂ" አሉኝ። በቀስታ ነው ያሉት። አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ዳዊት ነገርሻቸው ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ከፊቴ አውቋል። ራት ብቻውን በላ።

መልሼ መላልሼ የማስበው፦ ግንቡ ባይወርድስ? ልጅቷን ከክፍሏ አስወጥቼ፣ ጎረቤት አጥቼ፣ ባሌን አስቀይሜ፣ በከንቱ ቢሆንስ? ደግሞ ወዲያው፦ በከንቱ በሆነልኝ።

ሰኞ

ብጽፈው ይሻላል።

ከጠዋት ጀምሮ ዶፍ ነበር። ሥራ ላይ የአንድ ሽማግሌን ደረት ራጅ ላነሳ "አባቴ፣ ትንፋሽ ይያዙ" ብዬ ቁልፉን ስጫን ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። እትዬ ዘይነባ ናቸው። በጭራሽ ደውለውልኝ አያውቁም። አነሳሁት።

"ግንቡ ወረደ! ፈቲያ..." አሉ፤ ጩኸት ተሰማ፣ ተቋረጠ።

መልሼ ደወልኩ። አይነሳም። ደገምኩ። ከዚያ ከመስታወቱ ማዶ ሽማግሌው ደረታቸውን ነፍተው፣ ዓይናቸው ፈጦ እንደቆሙ አየሁ። ይተንፍሱ አላልኳቸውም ነበር።

ለባልደረባዬ ምን ብዬ እንደወጣሁ አላስታውስም። ታክሲ ያዝኩ። መገናኛ ላይ ተዘጋግቷል፤ ውሃው መንገዱን ሞልቶት መኪናው ሁሉ ቆሟል። ረዳቱ "የካ፣ የካ" እያለ ይጣራል፣ ባዶ ቦታ እንኳ ሳይኖር። ጭኔ ላይ ስልኬን ይዤ ጸለይኩ። ምን ብዬ እንደጸለይኩ እዚህ አልጽፈውም፤ ለእግዚአብሔር ብዙ ነገር ቃል ገባሁ። ዳዊትም አያነሳም። በመጨረሻ ወርጄ ዳገቱን በእግሬ ሮጥኩ፣ ጫማዬ ውሃ ጠጥቶ።

የሐጂ በር ክፍት ነው። ግቢው በሰው ተሞልቷል። የኋላው ክፍል ግድግዳ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ጣሪያው በአንድ በኩል ተንጋዷል፣ ድንጋይና የኔ ቀይ አፈር አልጋው ላይ። አልጋው የቱ ጋ እንደሆነ ያወቅሁት በብረቱ ነው።

"ፈቲያስ?" አልኩ። ደግሜ አልኩ።

አንድ ሰው በጣቱ አሳየኝ። በረንዳው ላይ ቆማለች፣ በነጠላ ጫማ፣ በእናቷ ጋቢ ተጠቅልላ። የባዮሎጂ መጽሐፏን ልታመጣ ተነሥታ በሩ ጋ ስትደርስ ነው የወረደው። በሩ ጋ ስትደርስ። አቧራ እንኳ አልነካትም። ስታየኝ "መጽሐፌ ውስጥ ቀረ" አለችኝ፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፣ እኔም።

ፍርስራሹ ውስጥ አካፋ ይዞ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ የቆመ ሰው አየሁ። ዳዊት ነው። ከመሥሪያ ቤቱ እንዴት ከኔ ቀድሞ እንደደረሰ አልገባኝም። ቀና አለ፣ አየኝ። መልሶ መቆፈር ጀመረ። መጽሐፉን ያወጣላት እሱ ነው።

ማክሰኞ

ፈቃድ ወሰድኩ። ሙሉጌታ ሳይጠራ መጣ። ዓይኔን አያይም። ከጠዋት እስከ ማታ ድንጋይ አነሳ፣ የቀን ሂሳብ አልቀበልም አለ።

ሐጂ ከሰዓት በኋላ ጠሩን፣ እኔንና ዳዊትን። ምን እንደሚሉ እየገመትኩ ወረድኩ። ሽምግልና ነው? ክስ ነው?

"ግንቡ እንደገና ይሠራል፣ ከነውሃ መውጫ ቱቦው" አሉ። "እናንተ ናችሁ የምታሠሩት። ጫፉ ላይ ምንም አይቀመጥም። ድንጋይም፣ አፈርም፣ ያ ዕቃሽም።"

"እሺ፣ ሐጂ" አልን እኩል።

"ሌላው..." አሉና ወደ ፈቲያ አዩ፤ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የረጠበውን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ትገልጣለች። "እሁድ ባትመጪ ኖሮ..." አልጨረሱትም። ተነሥተው ለሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ወጡ።

ይቅር ብለውኛል ማለት ነው? አይመስለኝም። ግን ሰላምታቸውን አልከለከሉኝም።

ረቡዕ

ቴሌስኮፑን እሸጠዋለሁ አልኩት ለዳዊት። ከልቤ ነው። ጎማዎቹን እመልሳለሁ፣ ጉድጓዱን እሞላለሁ፣ በቃ።

ዳዊት ወገቡን እያሸ ወደ ጓሮ ወጣ። ብዙ ቆየ። በኩሽናው በኩል፣ ከላይኛው ጥግ፣ ልብስ የምናሰጣበት ቦታ ላይ ዶማ ሲያነሳ ሰማሁ። ቂው! አለ። ሄድኩ።

"ይሄ ዐለት ነው" አለ። "ከግንቡም ሩቅ ነው። መቆፈርም አያስፈልገውም፣ ምሰሶውን እላዩ ላይ ማቆም ነው። ባሕር ዛፎቹ ትንሽ ይከልሉሻል እንጂ።"

"አንተ አትፈልገውም ነበር እኮ።"

"አልፈልግም ነበር" አለ። "ቅዳሜ ያልኩሽን ስታስቢው ምን ይሰማሻል?"

"ምንም" አልኩት። ውሸቴን ነው፣ እሱም ያውቃል። ዶማውን አስቀመጠና ጭቃ እንደሆነ አቀፈኝ።

ቅድሚያ ግንቡ። እሱ ሳያልቅ አንዲት ቆርቆሮ አላቆምም። ይህን ለራሴ ነው የጻፍኩት።

እሁድ፣ ብዙ ሳልጽፍ ቆይቼ

ግንቡ ካለቀ ሰነበተ። ክፍሏም ቆማለች፣ ኩሽናው ጎን፣ ከገመትኩት አንሳ፣ ትንሽ ጠማማ። ጣሪያዋ በግራ በኩል ሀዲዱ ላይ ትቀረቀራለች፤ ዳዊት ቅባት ቢያደርግላትም ሁለት ሰው ካልገፋት አትከፈትም። ግን ትከፈታለች። ትናንት ከፈትናት፤ ቴሌስኮፑን ምሰሶው ላይ አሰርኩ፣ ዙሪያውን ዘልዬ ዘልዬ ሞከርኩት። ቅንጣት አልተንቀሳቀሰም። ሰማዩ ግን ዝግ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግንቡ ካለቀ ወዲህ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጣለ። ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልቻልኩም። ጃንጥላ ይዤ ወደ ሐጂ ግቢ ወረድኩ። እሳቸው ቀድመውኛል። ጃኬታቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ግንቡ ፊት ቆመዋል። ከቱቦዎቹ ውሃ ይወርዳል፣ ከሁሉም፣ ጥርት ያለ፣ አፈር ያልያዘ። ጃንጥላዬን አስጠጋሁላቸው። ዝናቡ እስኪያባራ ሁለታችንም ድንጋዩን ስናይ ቆየን።

"ፈቲያ ወደ ክፍሏ ተመለሰች?" አልኳቸው።

"ሳሎን ለምጃለሁ ትላለች። ገና ትፈራለች።" ቀጥለውም "እናቷም ትፈራለች" አሉ።

ጃንጥላዬን አጠፍኩ።

ልሄድ ስል፣ ዓይናቸውን ከግንቡ ሳያነሱ፣ "ያ ነገርሽ አለቀ አሉ" አሉኝ።

"አልቋል ሐጂ። ደመናው ነው እንጂ።"

"እንግዲያው ሰማዩ ሲጠራ ጥሪን" አሉ።

በቤተሰብ ይሁን ለራሳቸው ብቻ፣ ለአፋቸው ይሁን ከልባቸው፣ አላወቅሁም። አልጠየቅሁም። አሁን በመስኮት እያየሁ ነው። ወደ እንጦጦ በኩል ትንሽ ገለጥ ብሏል፣ ሌላው ሁሉ ገና ደመና ነው።