ድምፃቸው ማስታወቂያ ሆኖ ሞታቸው ሳይሰማ ለቀረባቸው ለወይዘሮ ዘነበወርቅ በርጋ ከድረሽልኝ የሴቶች እድር የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

ዶክተር ይታገሱ ተረፈ በከተማችን በቡታጅራ ባለ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ ሳይንስና የኪነ ጥበብ መምህር ነው። በመጪው ግንቦት የሚደረገውን የኪነ ጥበብ ሳምንት የሚያስተባብረውም እሱ ነው። የእድራችንን ሙሾ አውራጅ የወይዘሮ ዘነበወርቅ በርጋን ድምፅ የዝግጅቱ ማስታወቂያ አድርጎታል። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሚያዝያ 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ ሲያርፉ ጎረቤት ያልደረሰላቸው በዚህ ምክንያት ነው። እድራችን መሪር ሀዘን ላይ ነው። ገደላቸው አንልም፤ ያረፉት በሕመም ነው። ሞታቸው እንዳይሰማ ያደረገው ግን እሱ ነው። በእጃችን ያደገ ልጅ ስለሆነ በዚህ መግለጫ አንቱ አላልነውም።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ የተወለዱት ቡኢ አካባቢ ሲሆን በትዳር ወደ ቡታጅራ መጥተው በበርበሬ ንግድ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። እድራችን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ነበሩ። ድንኳን ተሸክመዋል፤ እዝን አብስለዋል፤ ከሁሉም በላይ ግን የሙሾ አውራጅነቱን ሥራ እስከ ዕለተ ሞታቸው ይዘው ኖረዋል።

ይህ ሥራ ምን እንደሆነ ለማያውቅ እንናገራለን። የእድር ጥሩምባ ለሩቅ ሰው ነው፤ ለጎረቤት ሞት የሚነገረው በድምፅ ነው። የእሳቸው ድምፅ ሲወጣ ሴቱ ያለበትን ሥራ ጥሎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣ ነበር። ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ግጥሙ የማን ቤት እንደሆነ ይናገራልና። በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት ሙሾ ስለማይወርድ እዚያ ሲሄዱ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ወጥ ያማስሉ ነበር። ዝም ማለትንም ያውቁ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ይታገሱ ገና ተማሪ ሳለ በእድሩ አዳራሽ ለእናቶች ፊደል አስቆጥሯል። ይህን መግለጫ የጻፈችው ሊቀመንበርም ከእነዚያ እናቶች አንዷ ናት። ይህን ውለታ አንክድም። ያመንነውም በዚያ ምክንያት ነው።

በ2006 ዓ.ም. አባቱ አቶ ተረፈ፣ የበርበሬ ገበያው መዛኝ፣ ሲያርፉ ሙሾውን ያወረዱት ወይዘሮ ዘነበወርቅ ነበሩ። ያን የመሰለ ሙሾ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በከተማችን አልተሰማም። ግጥሙን እዚህ አንጽፈውም፤ የተባለው ለዚያ ሬሳ ነው፤ ከዚያ ሬሳ ጋር ሄዷል።

በ2017 ዓ.ም. ይታገሱ መቅጃ ይዞ ቤታቸው ሄደና ያንኑ የአባቱን ሙሾ እንዲደግሙለት ለመናቸው። ሬሳ በሌለበት ድምፅ አይወጣም ብለው መለሱት። ተመላለሰ። “እማማ፣ ለማኖር ብቻ ነው፤ ከእኔ ጆሮ አይወጣም” አላቸው፤ በአባቱ አፅምም ማለላቸው። በመጨረሻ ቢሮው ሄደው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው አወረዱለት። ሲመለሱ አዳራሽ ገብተው፣ “ዛሬ ለግድግዳ አለቀስኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ” አሉ። እኛም አጽናናናቸው፤ ልጁ ምሎ የለም ወይ አልናቸው።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ የኪነ ጥበብ ሳምንቱ ማስታወቂያ ወጣ። የሥዕል ዐውደ ርዕይ፣ ቴያትር፣ የመጽሐፍ ውይይት፣ ሐሙስ ማታ ደግሞ “የሙሾ ምሽት” ይላል። ከሥር የተለጠፈው ድምፅ የወይዘሮ ዘነበወርቅ ነው። ከቴሌግራም ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ገበያ ወጣ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ድምፃቸው ያልጮኸበት መንገድ አልቀረም።

ቡኢ ያሉ የአቶ ተረፈ ዘመዶች በስልክ የሰሙት መጀመሪያው ተቆርጦ ስለነበር የቤቱን ስም እንጂ ማስታወቂያ መሆኑን አላወቁም። አቶ ተረፈ ከሞቱ ቆይተዋል፤ እንግዲህ የሞተችው ሚስታቸው፣ የይታገሱ እናት እሌኒ ናት አሉ። ሚኒባስ ሞልተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ወይዘሮ እሌኒ ደጅ ደረሱ። በር የከፈተችላቸው ራሷ እሌኒ ናት።

“ማን ሞቶ ነው?” አለች ደንግጣ።

“አንቺ ነሽ አሉን።”

“እኔ? ምነው ለኔ ሳይነግሩኝ!” አለችና ሳቀች። ከዚያ ድምፁን በስልካቸው አሰሟት። የባሏን ሙሾ ስትሰማ እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሳቋም ያን ቀን አበቃ።

እድሩ ይታገሱን ጠርቶ በሽማግሌ ፊት ጠይቆታል። “ሙሾው የአባቴ ነው፤ የአባቴ ከሆነ ደግሞ የእኔ ነው። ቅርስ ነው፤ ተደብቆ መጥፋት የለበትም” አለ። ወይዘሮ ዘነበወርቅም፣ “የአባትህስ ነው። ድምፁ የማን ነው፣ ልጄ?” አሉት።  ይታገሱ ግን ማስታወቂያውን አላወረደም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተበላሸ። ሁለት ለቅሶ ላይ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ድምፅ ሲያወጡ ሰው ቶሎ አልመጣም። አንዱ ባጃጅ ነው ይላል፤ ሌላው የተማሪዎቹ ልምምድ ነው ይላል። እሳቸውም፣ “የውሸት አልቃሽ አደረገኝ” ብለው ቤት ዋሉ፤ ከዋሉበትም ታመው አልተነሡም።

ባረፉበት ንጋት ሊቀመንበሯ አጠገባቸው ነበረች። ደጅ ወጥታ እሳቸው ባስተማሯት ዜማ ስማቸውን ጠርታ አለቀሰች። በር የከፈተ የለም። ለብቻዋ ጮኸች። ከእሳቸው ቤት ግድግዳ ብቻ የሚለያት ወይዘሮ ሃፊዛ እንኳ አልወጣችም። ፀሐይ ከወጣ በኋላ የጥሩምባ ነፊው የአቶ ጀማሉ ጥሩምባ ሲነፋ ነው ሰፈሩ የደነገጠው። ሃፊዛ ጫማ እንኳ ሳታደርግ ሮጣ መጣች። “ወላሂ ሰምቼ ነበር! የዩኒቨርሲቲው ነው ብዬ ተገላብጬ ተኛሁ” እያለች ራሷን መታች። እሷን አንቀየምም። በዚህ ከተማ ለሰው ሁሉ ሞት ሰው ሲጠሩ የኖሩት ሴት፣ ለራሳቸው ሞት ሰው የጠራላቸው የጥሩምባ ቆርቆሮ ነው።

ቀብራቸው በተፈጸመ ማግስት ይታገሱ ከሚያስተምርበት ፋኩልቲ ደብዳቤ ደርሶናል። የሐሙሱ ምሽት “ለወይዘሮ ዘነበወርቅ መታሰቢያ” መደረጉን፣ ድምፃቸው በትልቅ ማጉያ እንደሚሰማ፣ ለእድራችን እናቶችም ከፊት ረድፍ ወንበር እንደተያዘ ይገልጻል። ወንበሩ ላይ አንቀመጥም። አርባቸው ገና አልወጣም። ድምፃቸው በዚያ ምሽትም ሆነ በሌላ ቀን እንዳይከፈት እንጠይቃለን፤ የሟች ልጆችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ይታገሱ፣ ይህን የምንጽፍበትን ፊደል ያስቆጠረን አንተ ነህና አላነበብኩትም አትበል።

ለወይዘሮ ዘነበወርቅ ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ለቡኢ ቤተ ዘመዶቻቸው፣ አብረዋቸው ድንኳን ለተሸከሙ የእድራችን አባላት፣ ሰምተው ላልመጡትና አሁን ለሚቆጫቸው ጎረቤቶች መጽናናትን እንመኛለን። ለፋኩልቲው የምንልከው መጽናናት የለም፤ አላዘነምና።

የእድሩ ጉባኤ በዚህ ጉዳይ ሲመክር ወይዘሮ እሌኒ ከአባላቱ መካከል ተነሥታ፣ “እኔም ስሞት ድምፅ አታውጡልኝ። ልጄ ያለውን ይክፈትልኝ” ብላለች። ቃሏ በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል።

ስለዚህ ጊዜው ሲደርስ ወደ እሌኒ ቤት እንሄዳለን። ድንኳን እንጥላለን፣ እዝን ይዘን እንገባለን፣ እስከ ሰልስቷ አብረን እናድራለን። ወይዘሮ ዘነበወርቅ በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት እንዳደረጉት ሥራችንን በዝምታ እንሠራለን። በይታገሱ ተረፈ ደጅ ግን ከእንግዲህ ድምፅ አናወጣም።

ሰርካለም ወዬሳ
የድረሽልኝ የሴቶች እድር ሊቀመንበር
ቡታጅራ