ለእማዬ የሠራሁት መታጠቢያ ቤት

የምወድሽና የማከብርሽ እትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብሽ ሕመምስ ለቀቅ አደረገሽ? ባለቤትሽና ልጆችሽስ በርትተዋል? እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ባለፈው ስትደውዪ ግን «ድምጿ ቀዘቀዘብኝ» ያልሽው እውነትሽን ነበር። በስልክ ለመናገር ስላፈርኩ ነው በወረቀት የማጫውትሽ።

እንደምታውቂው እማዬ ቤቷን ትታ እኛ ጋ ከመጣች ወዲህ የምትተኛው ምድር ቤት፣ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ባለው ክፍል ነው። መጸዳጃው ፎቅ ላይ በመሆኑ በዚያ ጉልበቷ አሥራ አራት ደረጃ መውጣት አቃታት። እዚያው ታች መታጠቢያ ቤት ልሥራላት ብዬ ተነሳሁ። ችግሩ የመንገዱ የፍሳሽ መስመር ከክፍሏ ወለል ከፍ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ውሃ ደግሞ በራሱ ሽቅብ አይሄድም። ስለዚህ ወለሉን ቆፍሬ ክዳኑ የሚጠብቅ በርሜል ቀበርኩ፤ ፍሳሹ እዚያ ይጠራቀምና ፓምፕ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከበርሜሉ ደግሞ የአየር ማስወጫ ቱቦ ከጣሪያው በላይ መውጣት ነበረበት። እኔ ግን የፎቁን ግድግዳ መስበሩ ታከተኝና ቱቦውን መሐል ላይ ቆርጬ፣ አየር የሚያስገባ እንጂ የማያስወጣ ክዳን ገጠምኩበት። ማን ያየዋል ብዬ።

ወር ሳይሞላ እማዬ ተለወጠች። ከእኛ ጋር ገበታ መቅረብ ተወች፤ ልጄ ልታቅፋት ስትሮጥ በእጇ ገታ ታደርጋታለች፤ በቀን ሦስት ጊዜ ትታጠባለች። ባለቤቴ ናፍቆት ይሆናል አለች፤ እኔም ተቀበልኩ። አንድ እሑድ ጠዋት ሳልነግራት ወረድኩ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ምን ሆነሻል ብላት ቀና ሳትል፣ «እርጅና መጥፎ ነው ልጄ፤ ገላዬ መሽተት ጀምሯል። ብታጠብ ብታጠብ አልለቅ አለኝ» አለችኝ።

እትዬ፣ ወዲያው መታጠቢያ ቤቱ ገብቼ ውሃውን ከፍቼ ጎንበስ አልኩ። ሽታው ከሻወሩ መውረጃ ነበር የሚመጣው። ውሃው በርሜሉ ውስጥ ሲገባ፣ መውጫ ያጣው አየር በመውረጃው በኩል ተመልሶ ይወጣል። ሽታውን ላስለቅቅ ብላ በታጠበች ቁጥር ይብስባት ነበር። እኔ ልወርድ ስል ደግሞ መስኮቱን ከፍታ ስለምትጠብቀኝ አንድም ቀን አልሸተተኝም።

በማግስቱ ሰፈሩ «ዶክተር» የሚለውን ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ዕቃውን እንኳ ሳያወጣ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ውሃ ልቀቅ አለኝ። አዳመጠና፣ «ወንድሜ፣ የበርሜሉን አፍና አፍንጫ አፍነህ ዋጥ በል ትለዋለህ እንዴ?» አለኝ። አብረን የፎቁን ግድግዳ ሰበርን፤ በቁም ሳጥናችን ጀርባ አሳልፈን ቱቦውን ከጣሪያው በላይ አወጣነው። ባለቤቴ አቧራ የለበሱ ልብሶቿን አውጥታ አራገፈች። ሁለት ቀን ፈጀብን፤ ሽታው ጠፋ።

ከዚያ እማዬን ይዤ ወርጄ፣ ጥፋቱ የኔ እንጂ የገላሽ አይደለም ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። እሷም፣ «በቤቴ ቢሆን ምንድን ነው የሚሸተው ብዬ እጮህ ነበር። በሰው ቤት ሆኜ ነው የቻልኩት» አለችኝ። የኔን ቤት የሰው ቤት ማለቷ ከሁሉም በላይ አንገበገበኝ። እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ትናንት ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ከታች ተጣራች። የፎጣ መስቀያውን ሰማይ ላይ ሰቅለኸዋል፣ እኔ ቀጭኔ ነኝ ወይ፣ የግድግዳውም ቀለም ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል፣ ቀይረው ብላ ጮኸችብኝ። ደስ ብሎኝ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። መስቀያውን ነቅዬ ዝቅ ሳደርገው፣ አሁንም ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ እያለች ሦስት ጊዜ አስነቀለችኝ።

ለባለቤትሽ ወንድማዊ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ትልቋ ልጅሽ በትምህርቷ እንድትበረታ ንገሪያት፤ መንታዎቹን ጉንጫቸውን በየተራ ሳሚልኝ፤ አንዱን ካስቀደምሽ ጣጣ ነው። ባለቤቴና ልጄ በጣም ናፍቀውሻል። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ቀለሙን እስካሁን አልቀባልኝም ብለህ ጻፍላት» እያለችኝ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከምድር ቤቱ፣ የእማዬ ጠረጴዛ ላይ ተጻፈ
ኅዳር 9 ቀን